ጭቃ በሐምሌ አይደርቅም

ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አዲስ አበባ ዳር ዳር ባሉ ሰፈሮች የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት ይጀመራል። ከካራ እስከ የካ አባዶ፣ ከአቃቂ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ የሰፈሩ የበጎ አድራጎት ማኅበር የጠራቸው ወጣቶች አካፋና መዶሻ ይዘው ይወጣሉ። ቅዳሜ ጠዋት ያዘመመው ቤት ይፈርሳል፤ በሳምንቱ እሑድ ማታ ምርጊቱ ያልቃል። ውጭ አገር የኖረ ሰው ይህን ጉልበት ሲያይ ልቡ ይነካል። እዚያ አጥር ለአጥር የሚዋሰኑ ሰዎች ስም ሳይተዋወቁ ዓመታት ያልፋሉ። እዚህ "ኑ፣ እማማን እናግዛቸው" የሚል አንድ ድምፅ መንደሩን ያስወጣል።

ያንኑ ቤት ጥቅምት ላይ ተመልሶ ያየ ሰው ግን ያዝናል። ምርጊቱ ከቋሚው ተላቆ በመሃሉ ጣት ያስገባል። ከታች በኩል፣ ዝናቡ መሬት ነጥሮ የረጨው ቦታ፣ ጭቃው ታጥቦ ማገሩ ወጥቷል። አንዳንዱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ቀጭን አረንጓዴ ሣር ይታያል፤ ጭዱ ውስጥ የቀረው የጤፍ ፍሬ እርጥቡን ግድግዳ ማሳ አድርጎት በቅሏል። ያቺ አረንጓዴ ቡቃያ ስለ ሥራው ሁሉንም ትናገራለች፤ ጭቃው በቂ ፀሐይ አላገኘም።

ችግሩ ከቀን መቁጠሪያው ይጀምራል። በጎ ፈቃደኛ የሚገኘው ተማሪው በሚያርፍበት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ጭቃ የሚደርቀው ደግሞ ከመስቀል በኋላ ነው። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፤ ሥራውን ለሁለት መክፈል ብቻ ይጠይቃል። በክረምት ጣራና ቦይ፣ በበጋ ግድግዳ። ክረምት ላይ አዲሱ ቆርቆሮ ይከደናል፣ ውሃው ከቤቱ እንዲርቅ ቦይ ይቆፈራል፣ የፈራረሰው ግድግዳ በላስቲክ ወይም በሸራ ተጋርዶ ይቆያል። ምርጊቱ ጥቅምት ላይ ይጀመራል። ለሁለተኛው ዙር 30 ሰው አያስፈልግም፤ ጭቃ የሚያውቁ 6 ሰዎች ይበቃሉ።

ጭቃ ራሱ ሙያ ነው፤ ከተማ ያደጉት ልጆች ግን መማር የሚያስፈልገው መስሎ አይታያቸውም። አፈሩ ከላይ አይታፈስም። ሥርና ቅጠል ያለበት የላይኛው አፈር ተጠርጎ፣ ከ30 ሴንቲሜትር በታች ያለው ይወጣል፤ ሥሩ ግድግዳው ውስጥ ሲበሰብስ ቀዳዳ ይተዋል፣ ምስጥም ይጠራል። አፈሩም እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ቀይ አፈር ለምርጊት ይስማማል። አቃቂና ኮዬ ፈጬ በኩል ያለው ዋልካ ግን ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በዋልካ ብቻ የተመረገ ግድግዳ የቱንም ያህል ቢደከምበት ይከፈታል። አሸዋ ወይም ከሌላ ቦታ የመጣ ቀይ አፈር ይቀላቀልበታል። ልኩን ለማወቅ ቡጢ የሚያህል ድቡልቡል ጭቃ ተሠርቶ ጥላ ሥር ለሦስት ቀን ይቀመጣል። ከተሰነጠቀ ጭድ ወይም አሸዋ ይጨመራል፤ በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ የሚይዝ አፈር ይጎድለዋል። ሦስት ቀን የፈጀ አንድ ድቡልቡል የአንድ ክረምት ድካም ያድናል።

ጭዱ በመጠን ከአፈሩ ሲሶ ያህል ይሆናል፣ የጤፍ ጭድ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ውሃ እየተጨመረ በእግር ይረገጣል፣ ይከመራል፣ ላስቲክ ይለብሳል፤ በማግስቱ እንደገና ይረገጣል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ሊቦካ ይገባል። የሚጎድለው ሁልጊዜ ይኸው ነው። ጠዋት የተረገጠ ጭቃ ከሰዓት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ጭዱ ገና ደረቅ ስለሆነ ከአፈሩ ጋር አይያያዝም። ሁለተኛው ምርጊት ደግሞ የመጀመሪያው ደርቆ፣ ስንጥቁን አሳይቶ፣ ከጨረሰ በኋላ ይመጣል። በእርጥብ ላይ እርጥብ ሲደረብ ላዩ ይደርቅና ውስጡ ይታፈናል፤ ቋሚውና ማገሩ የሚበሰብሱት ያን ጊዜ ነው።

ቋሚውም የራሱ ወግ አለው። ልጡ ይላጣል፣ እግሩ ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር ይቀበራል፣ የሚቀበረው ክፍልና ከመሬት በላይ ያለው 20 ሴንቲሜትር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይጠጣል። ባህር ዛፍ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ልክ መሬቱ ላይ፣ አየርና እርጥበት በሚገናኙበት መስመር ነው። ዘይቱን እስከ መሬቱ ብቻ ቀብቶ ማቆም ዋናውን ቦታ መተው ነው።

ወደ ጣራው እንመለስ፤ በክረምት መሠራት ያለበት እሱ ነውና። 4 በ5 ሜትር የሆነች፣ ሁለት ፊት ክዳን ያላት ቤት እንውሰድ። የጣራው ክንፍ በአራቱም በኩል ግማሽ ሜትር ይውጣ፤ ከዚህ ካነሰ ዝናቡ ግድግዳውን ይገርፋል። ርዝመቱ 6 ሜትር ይሆናል፣ የእያንዳንዱ ፊት ቁልቁለት 2 ሜትር ከ70 ገደማ። የጎን መደራረቡ ተቀንሶ 75 ሴንቲሜትር የሚሸፍን ቆርቆሮ በአንድ ፊት 8 ረድፍ ይፈልጋል። ባለ 2 ሜትሩ ቆርቆሮ ስለማይደርስ በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ፣ 20 ሴንቲሜትር ተደራርበው ይገባሉ። ሁለቱ ፊት ሲደመር 24 ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው የሚመታበት አግድም እንጨት፣ ሞራሌው፣ በየ90 ሴንቲሜትሩ ሲመታ በአንድ ፊት 4 መስመር፣ በሁለቱም 48 ሜትር ይሆናል፤ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ሞራሌ ከሆነ 12፣ ከመጠባበቂያው ጋር 14። የቆርቆሮ ሚስማር ወደ 300 ይጠጋል። ይህ ስሌት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሳይሠራ ሲቀር ግን 20 ቆርቆሮ ይገዛና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣራው በአንድ በኩል ክፍት ሆኖ ሠላሳ ሰው ቆሞ ሰማይ ያያል።

ስለ ውፍረቱም አንድ ቃል። ቆርቆሮ በጌጅ ይሸጣል፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይሳሳል። 35 ጌጅ ከ32 የሚረክሰው ስስ ስለሆነ ነው፤ ሰው ሲረግጠው ይጎብጣል፣ በጎበጠበት ውሃ ይቋጥራል። ጥቂት ቤት በ32 መክደን ብዙ ቤት በ35 ከመክደን ይሻላል ብለን አጥብቀን እናምናለን፣ ምንም እንኳ ለሪፖርት የሚያምረው የቤቱ ብዛት ቢሆንም።

ሚስማሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከራሱ ሥር ክብ ጎማ አለው፤ ውሃ የሚከለክለው ያ ጎማ ነው። የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፣ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ በፍጹም አይደለም። ጀማሪ እጅ ግን ጎድጓዳውን ይመርጣል፣ ቆርቆሮው እንጨቱን የሚነካው እዚያ ስለሆነ ሚስማሩ ቶሎ ይይዝለታል። ሁለተኛው ስህተት ኃይል ማብዛት ነው፤ ጎማው ተጨፍልቆ ይቀደዳል፣ ጉብታውም ይደፈጠጣል። ጎማው ቆርቆሮውን ጥብቅ አድርጎ ሲይዝ መቆም ነው። አናጺው የመጀመሪያዎቹን 10 ሚስማሮች ራሱ እየመታ "አንተ ልጅ፣ ድምፁን ስማ" ቢል ቀሪው ቀን ይቃናል።

አሜሪካ ውስጥ ይህን መሰል ሥራ እንዴት እንደሚመሩት ማየት ይጠቅማል። ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ እ.ኤ.አ. በ1976 በጆርጂያ ግዛት፣ አሜሪከስ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ሚላርድና ሊንዳ ፉለር የመሠረቱት ድርጅት ነው፤ ኢትዮጵያም ውስጥ ይሠራል። እዚያ በጎ ፈቃደኛው አስቀድሞ ይመዘገባል፣ ሲደርስ ይፈርማል፣ ሄልሜት ያጠልቃል፣ በሙያው ከተካነ የሥራ መሪ ጋር ይመደባል። ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ ልጅ ግንባታ በሚካሄድበት ቦታ አይገባም፤ 16 እና 17 የሞላቸውም ጣራ ላይ አይወጡም። ቤቱን የሚያገኘው ቤተሰብ የተወሰነ ሰዓት አብሮ ይሠራል፣ የቤቱንም ዋጋ በአቅሙ እየከፈለ ይጨርሳል። እኛ ጋ ጣራ ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ቀላልና ቀልጣፋ ነው ተብሎ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ይህ መቅረት አለበት፤ ለዚህ ገንዘብም ፈቃድም አያስፈልግም።

እዚያ የማይገኝ ደግሞ እዚህ አለ። ወጣቶቹ ጎረቤት ስለሆኑ የእማማ ጉልበት እንደማይታጠፍ ያውቃሉ፤ ስለዚህ የበሩ ደፍ ዝቅ ይላል፣ መደቡ ከፍ ይላል። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲወጡ በየት በኩል እንደሚያልፉ ስለሚያውቁ ቦዩ በዚያ በኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግበታል። ይህን ዓይነት እውቀት ከሩቅ በመኪና መጥቶ አራት ሰዓት ሠርቶ የሚመለስ ሰው ከየትም አያመጣውም።

ከመፍረሱ በፊት መልስ የሚፈልጉ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ እማማ የት ያድራሉ? ጣራው ተነሥቶ ዕቃቸው ደጅ ከወጣ በኋላ ማሰብ በጣም ዘግይቷል። ሁለተኛ፣ መብራቱ። ዳር ባሉ ሰፈሮች አንድ ቆጣሪ ብዙ ቤት ያበራል፤ መስመሩ ከጎረቤት ተስቦ ወራጁ ላይ ተጋድሞ ይገኛል። የቤቱን ማጥፊያ መንካት አይበቃም፤ ከቆጣሪው ማጥፋትና ጣራው እስኪያልቅ አንድ ሰው እዚያው ማቆም ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ወረቀቱ። ቤቱ የቀበሌ ነው፣ የግል ነው፣ ወይስ ሰነድ አልባ? ፈቃድ ሳይያዝ የተጀመረ እድሳት እንደ አዲስ ግንባታ ሊቆጠር ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚጎዱት ሊረዱ የታሰቡት እናት ናቸው። ስለዚህ ከወረዳው የተጻፈ ደብዳቤ ከቆርቆሮው ግዢ ይቀድማል።

ይህን ሁሉ የሚይዝ ሥርዓት ከባሕር ማዶ መጫን አያስፈልግም፤ እድር አለ። የእድርን ድስት ገልብጦ ያየ ሰው ግርጌው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁጥር ያገኛል። ወንበሩም ቁጥር አለው፣ ድንኳኑም ካስማው ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። ጸሐፊው ሳያስፈርም ዕቃ ከመጋዘን አይወጣም፤ የጠፋ ይከፈላል፣ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለሞተ ሰው ሲደረግ ኖሯል። በሕይወት ላሉት እናት ቤትም ያው መዝገብ ይከፈት፤ መዶሻው፣ መሰላሉና ጉጠቱ ቁጥር ይጻፍባቸው፣ የአናጺው ቀን ይመዝገብ፣ እማማም ጣራው እስኪከደን በእድሩ ድንኳን ይደሩ። ቅዳሜ ማታ ሦስት መዶሻ የሚጠፋው ማንም ሰርቆ አይደለም፣ ማንም ስላልፈረመበት ነው።

እኛ ውጭ ያለነውም የድርሻችንን እንውሰድ። ገንዘብ ስንልክ ለቆርቆሮ እንልካለን፣ ፎቶ ላይ የሚያበራው እሱ ስለሆነ። ሚስማሩን፣ የጭነት መኪናውን፣ የአናጺውን የቀን ሒሳብ ግን ማንም አይጠይቅም። መኪናው ጭቃ ፈርቶ ዋናው መንገድ ላይ ሲያራግፍ፣ እስከ ቤቱ ያለውን ሸክም አህያ ወይም ትከሻ ይወስደዋል፤ እሱም ሒሳብ አለው። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ቤቱን አስቀድሞ ሄዶ የሚለካ፣ በኋላም ተመልሶ የሚያይ ሰው ወጪው ምኑ ላይ ነው ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ እሱ ባይኖር የባከነውን ቆርቆሮ እናስላ። ለአንድ ቤት የሚልክ ሰው ከገንዘቡ ላይ የአናጺውን ሁለት ዙር ክፍያ ለይቶ ይላክ፤ አንዱን ለክረምት፣ አንዱን ለጥቅምት።

ከምርጊቱ ሌላ፣ የጥቅምቱ የፍተሻ ዙር ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው። ሦስት ሰው ይበቃል፤ አናጺው፣ የእድሩ ጸሐፊና አንድ ወጣት። ቦዩ የሞላው ደለል ይጠረጋል። ግድግዳው ከተመረገ በእጅ አንጓ ይንኳኳል፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ተላቋልና ተፈልፍሎ እንደገና ይሞላል። ከዚያ ቀትር ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን፣ በርና መስኮቱ ይዘጋና ወደ ላይ ይታያል። ብርሃን የሚፈነጥቅባት እያንዳንዷ ቀዳዳ በጨለማው ውስጥ እንደ ኮከብ ትታያለች፤ ወጣቱ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ከአጠገቧ ያለውን ሞራሌ በከሰል ያሰምርበታል፣ ጸሐፊው ደግሞ ቁጥሯን መዝገቡ ላይ ያሰፍራል።