ሳምንታዊው ጃምፕ 300 የን ይገባዋል?

ሰኞ ጠዋት ቶኪዮ ውስጥ 24 ሰዓት ከሚሠሩት ትንንሽ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ «ሳምንታዊ ሾነን ጃምፕ» የተባለው የማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) መጽሔት ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ወደ 500 ገጽ፣ 20 ገደማ ተከታታይ ታሪኮች፣ ዋጋው 300 የን አካባቢ። ጃፓን የሚኖሩ ሁለት የማንጋ ወዳጆች በዚህ ዋጋ አልተስማሙም። እሱ ይከፈልበታል ይላል፤ እሷ አይከፈልበትም ትላለች።

ደጋፊ፦ ከሒሳቡ ልጀምር። 300 የን ለ20 ታሪክ ሲካፈል አንዱ ምዕራፍ 15 የን ይመጣል። ቶኪዮ ውስጥ በ15 የን ምን ይገዛል? መንገድ ላይ ካለው ማሽን አንድ ጠርሙስ ሻይ እንኳ ከ100 የን በላይ ነው። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲጀመር 90 የን ነበር። ይኸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶም አራት እጥፍ አልሞላም።

ግዙት የምለው ግን ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጃምፕን የገዛ ሰው ድምፅ አለው። በየእትሙ አንድ ፖስትካርድ ይገባል። በጣም የወደድካቸውን ሦስት ታሪኮች ሞልተህ ትልካለህ፤ አሁን በስልክም ይቻላል። አዘጋጆቹ የትኛው ይቀጥል፣ የትኛው ይብቃ ሲሉ ይህን ድምፅ ያያሉ። 20 ምዕራፍ ሳይሞላው የሚሰናበት አዲስ ታሪክ ብዙ ነው። እዚሁ መጽሔት ላይ የወጣውን «ድራጎን ቦል»ን ሁሉም ያውቀዋል። በ1984 ጀምሮ ትንሽ እንደቆየ የአንባቢው ድምፅ ቀዝቅዞበት ነበር። ደራሲው አኪራ ቶሪያማ ታሪኩን ወደ ትግል ውድድር ሲወስደው ነው ነፍስ የዘራው። እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ እጄን ማስገባት ለእኔ 300 የን ያወጣል።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ ለ20 ስታካፍል ሃያውንም የምታነብ አስመሰልከው። እውነቱን እናውራ። አብዛኛው ሰው የሚከታተለው አራት ወይ አምስት ታሪክ ነው። ሌላውን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ያልፈዋል። አራት ካነበብክ አንዱ ምዕራፍ 75 የን ወጣብህ ማለት ነው።

ዓመቱን እንደምረው። በአዲስ ዓመት፣ በወርቃማው ሳምንት (የጸደይ ዕረፍት ቀናት) እና በኦቦን (የሙታን መታሰቢያ) በዓል የሁለት ሳምንት ድርብ እትም ስለሚወጣ በዓመት 48 ገደማ መጽሔት ትገዛለህ። ይህ 14,400 የን ነው። አንድ ታሪክ ተሰብስቦ በመጽሐፍ መልክ ሲወጣ አንዱ ቅጽ 550 የን ገደማ ነው፤ በዓመት አራት አምስት ቅጽ ይወጣል። አራቱንም ታሪኮች በቅጽ ብገዛ ቢበዛ 11,000 የን አወጣለሁ። የእኔ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። የአንተ መጽሔት በገመድ ታስሮ ወረቀት ለሚሰበስቡት ይወጣል።

ወረቀቱስ? ሻካራ ነው፤ አንዴ ሮዝ፣ አንዴ አረንጓዴ ይሆናል። ቀለሙ ጣት ላይ ይቀራል። ጎኑ በሽቦ ስለተሰፋ መሃሉ እስከ መጨረሻው አይከፈትም። ሰዓሊው ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ሁለት ገጽ ላይ የዘረጋው ሥዕል ወገቡ ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ይህ በጣም ያናድደኛል።

ደግሞ የምትወደው ታሪክ በሌለበት ሳምንትም ዋጋው ያው ነው። የ«ዋን ፒስ» ደራሲ ኤይቺሮ ኦዳ በየጊዜው ያርፋል። ከ1997 ጀምሮ ለሚሠራ ሰው ዕረፍቱ ሲያንስ ነው። ሌላው ታሪክ «ሀንተር ሀንተር» ደግሞ ከዓመት በላይ ድምፁን አጥፍቶ ያውቃል። ኪሴ ግን አብሮ አላረፈም።

ደጋፊ፦ ስለ ስፌቱ ልክ ነሽ፤ አልከራከርሽም። ግን መጠኑን ረሳሽው። ቅጹ ኪስ ውስጥ ለመግባት ትንሽ የሚቀረው ነው። መጽሔቱ ትልቅ ስለሆነ መስመሩ፣ ጥላው፣ ከኋላ የቆመው ሕንፃ ሁሉ በደንብ ይታያል።

ዋናው ነገር ግን ጊዜው ነው። የአንድ አዲስ ታሪክ የመጀመሪያ ቅጽ የሚወጣው ታሪኩ ከተጀመረ ከወራት በኋላ ነው። አንቺ እስክትገዢው ብዙ ጊዜ ፍርዱ አልቋል። ቅጹን ይዘሽ ቤትሽ ስትደርሺ ታሪኩ መጽሔቱ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ሁሉም እንዳንቺ ቢጠብቅ ለአዲስ ሰዓሊ ማን ድምፅ ይሰጣል? በ1994 መጨረሻ አንድ እትም ከ6.5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይታተም ነበር። አሁን ወደ አንድ ሚሊዮን ወርዷል። የቀረነው ሰዎች ብዙ አይደለንም።

ተቃዋሚ፦ ታዲያ አምስት ሚሊዮን የሚበልጠው ቅጂ ለምን ቀረ? ሰው ማንጋ ጠልቶ አይደለም። ስልኩ ላይ አገኘው። ከጃምፕ ራሱ መተግበሪያ ወደ 1,000 የን በሚጠጋ የወር ክፍያ ያንኑ መጽሔት ታነባለህ፤ የሚጣል ወረቀት የለም። ከጃፓን ውጭማ የባሰ ነው። «ማንጋ ፕላስ» የተባለው መተግበሪያ ከ2019 ጀምሮ የብዙዎቹን ታሪኮች የመጀመሪያና የቅርብ ጊዜ ሦስት ሦስት ምዕራፍ በነፃ ያስነብባል። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ልጅ የዚህን ሳምንት ምዕራፍ በእንግሊዝኛ ያነባል፤ እኛ እዚህ 300 የን ቆጥረን እንሰለፋለን።

ስለ አዲስ ሰዓሊ ካነሳህ ገንዘቡ የት እንደሚደርስም እንይ። ከመጽሔቱ የሚከፈለው በገጽ ተቆጥሮ ነው። አንተ አንድ ቅጂ ጨምረህ ብትገዛ የእሱ ክፍያ አይጨምርም። ከቅጹ ግን ድርሻ አለው። ሰውየውን መርዳት ከፈለግህ ቅጹን ግዛለት።

ደጋፊ፦ ቅጽ የሚኖረው መጀመሪያ ታሪኩ ሲቀጥል ነው እኮ!

ተቃዋሚ፦ እሺ፣ መካከለኛ መንገድ ልስጥህ። አዳዲስ ታሪኮች ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሆነው ተከታትለው ይጀምራሉ። እነዚያን ሳምንታት ብቻ ግዛ፤ ፖስትካርዱንም ላክ። የቀረውን ዓመት ቅጽ ሰብስብ። ለመጽሔቱ ከምታወጣው ከግማሽ በላይ ይተርፍልሃል።

ደጋፊ፦ የመጀመሪያውን ምዕራፍማ ሁሉም ይወደዋል፤ ያኔ የእኔ ድምፅ ብዙም አይጠቅመውም። ታሪኩ የሚፈተነው አዲስነቱ ሲያልፍ፣ ሰባተኛ ስምንተኛ ሳምንት ላይ ነው። እኔ የምገዛው ለዚያ ሳምንት ነው።