ቁርበቱን አታንጥፉ

የጎጃም ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ቡና ላይ ተሰብስበን ነበር። መንገዱ ተዘጋ፣ ማዳበሪያው ናረ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቀሩ፤ ወሬው ሁሉ ይኸው ነው። በረካው ሲቀዳ አንዱ፣ «እኛን የሚያዋጣን ቀጥ ለጥ አድርጎ የሚገዛ አንድ ቆፍጣና ሰው ነው» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔ ቤቴ ስገባ ነው ያፈርሁት።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እኛ እኮ ጅቡን እናውቀዋለን! ታዲያ ቁርበት ይዘን መጠበቃችን ምን የሚሉት ነው?

ጀርመኖችም እንዲህ ተመኝተው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሸነፉ። በ1923 እ.ኤ.አ. መገባደጃ 1 ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ገባ። ያን እንደምንም ተወጡት። በ1928 ናዚዎች ያገኙት ድምፅ 2.6 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከቁም ነገር የቆጠራቸው አልነበረም። ከዚያ የ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ መጣ። 6 ሚሊዮን ሰው ሥራ ፈታ። በ1932 ጁላይ ያው ፓርቲ 37 በመቶ አገኘ። ሂትለር ሥልጣን በያዘ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ምክር ቤቱ ራሱ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን አስረከበው።

ሩቅ ነው አትበሉኝ። በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብና የቤንዚን ዋጋ ዙፋኑን ሲያንገዳግዱት፣ ወታደሩ «ያለ ምንም ደም» እያለ ነው የመጣው። እልል ያልነው እኛው ነን። ኅዳር 14 ቀን 1967 ወደ 60 ሰው ያለ ፍርድ ተረሸነ። ሶማሊያ ስትወርረን ደግሞ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተባለ፤ የጠየቀ ሁሉ አናርኪስት ሆነ።

የራበውና የፈራ ሰው «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ቶሎ ያምናል። ለጊዜው ዝም በሉ። ለጊዜው አትሰብሰቡ። የደርግ ሙሉ ስሙ እኮ «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» ነበር። ጊዜያዊው 17 ዓመት ተቀመጠ።

አያቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። በ1960 በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት በእርሻ ገቢ ግብሩ ላይ ሲነሡ፣ ቆፍጣና ገዥ ይላክልን አላሉም። ያለውን አንሡልን ነው ያሉት። አውሮፕላን ቢደበድባቸውም አልተመለሱም። ገዥው ከሥልጣን ተነሡ።

ስለዚህ ያ ወሬ ሲመጣ ራሳችሁን አትነቅንቁ። «ሰውዬው ሲከፋ በምን እናወርደዋለን?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔም ያን ወዳጄን ለቅዳሜ ቡና ቀጥሬዋለሁ።