የተማሪዎች መሪ በተራ ይሁን ወይስ ተፎካክሮ ይመረጥ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ነገር ሊቀይር አስቧል። ሪፖርት ካርድ ላይ ደረጃ መጻፍ ይቀራል። የክፍል አለቃውና የተማሪዎች መማክርት ሰብሳቢው ደግሞ በምርጫ መሆኑ ቀርቶ በየወሩ በተራ ይሆናል። ወላጆች ለሁለት ተከፍለው እየተነታረኩ ነው። እኛም ሁለት ሰዎች በጽሑፍ እንዲሟገቱ ጋበዝን። መምህሩ ዕድሜያቸውን ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ተራውን ይደግፋሉ። አስተባባሪዋ አራት ኪሎ አካባቢ የወጣቶች የክርክር ክበብ የምትመራ ወጣት ናት፤ ፉክክሩ ይሻላል ባይ ነች። (አዎ፣ እኛም ተቃራኒውን ነበር የጠበቅነው።)

መምህሩ፦ ከደረጃው ልጀምር። በወላጆች ቀን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ይሸለማሉ፣ ሃምሳው ያጨበጭባል። እንግዲህ ሃምሳውን ለአራት ዓመት ያስተማርነው ማጨብጨብ ነው ማለት ነው። ሰቃዩ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይማራል፤ ደብተር መደበቅ። ጓደኛው ማስታወሻውን ሲለምነው «ቤት ረሳሁት» ይላል። እንዲህ አድጎ ነገ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሲሆን መረጃ ቢደብቅብን ምን ይገርማል?

ደሞስ ደረጃው ምን ይነግረናል? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ግን በየክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅ ነበረ። ተሸልሟል፣ ተጨብጭቦለታል። ከጎኑ ከተቀመጠው መብለጡን እንጂ ማወቁን ያረጋገጠ የለም።

የተማሪ ምርጫውን እንኳ ተዉት። የሚመረጠው ወይ ኳስ የሚችል ነው፣ ወይ አፉ የማያርፍ፣ ወይ እረፍት ሰዓት ላይ የሚጋብዝ። ዝምተኛው፣ አስተዋዩ፣ ሁለት ልጆች ሲጣሉ መሃል ገብቶ የሚያስታርቀው እጁን እንኳ አያወጣም። ተራው ሲደርሰው ግን ይሠራል። እንደሚችልም ያኔ ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

አስተባባሪዋ፦ ጋሼ፣ «ድር ቢያብር» ብለው እንዳይጀምሩ ፈርቼ ነበር፤ ተርፌያለሁ።

ፈተናውን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። ልጆቹ ለምን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተጓጉዘው ተፈተኑ? በኩረጃና በፈተና ስርቆት ምክንያት አይደል? ኩረጃ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የትብብር ሥራ ነው። ክፍሉ ሁሉ ተባብሮ፣ ተዋዶ፣ አንዱ ለአንዱ መልስ አቀብሎ የሚሠራው።

ትብብርማ ሞክረናል እኮ። አንድ ለአምስትን እናንተ መምህራን ከእኔ በላይ ታስታውሱታላችሁ። ከላይ መመሪያ ወረደ፣ ጎበዙ ልጅ መሪ ተባለ፣ አምስት ልጅ ታደለው፣ በየሳምንቱ ቅጽ ተሞላ። ከዚያስ? ጎበዙ ብቻውን ሠራ፣ አምስቱ ፈረሙ። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ግሩፕ አሳይመንት የሚባለውም ይኸው ነው፤ አንዷ ሌሊቱን ታድራለች፣ ጠዋት ላይ ስድስት ስም ይጻፋል። በመመሪያ የመጣ መተባበር ልጆቹን ያስተማራቸው ሰው ጀርባ ላይ መንጠልጠልን ነው።

በየወሩ የሚዞር ወንበርም ያው ነው። ልጁ ያንን ወር እንዴት እንደሚያሳልፈው ልንገርዎ? ሳይነካካ። የሚኒ ሚዲያው ማይክ ከተበላሸ ሁለት ወር ሆኖታል እንበል፤ ለቀጣዩ ይተወዋል። ቃል አልገባ፣ ማን ይጠይቀዋል? የተመረጠ ልጅ ግን ባንዲራ ሲሰቀል፣ ሰልፍ ፊት ቆሞ «ማይኩን አሠራለሁ» ብሏል። ካላሠራ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ይሰድቡታል። መሪ የሚሠራው ያ ስድብ ነው።

ደግሞ ከሁሉ በላይ መሸነፍ ያስተምራል። አራት ተወዳድረው ሦስቱ ይሸነፋሉ፣ በማግስቱ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። በዚህ አገር መሸነፍን በ16 ዓመቱ የተለማመደ ሰው ቢበዛልን ኖሮ!

መምህሩ፦ ስለ ኩረጃው ያልሽው አስቆኛል። ግን ልጁ ለምን ኮረጀ? ደረጃ ፈልጎ። የእኔን ምስክር ይዘሽ መጥተሽ የራስሽ ምስክር አደረግሽው።

መሸነፍ ካልሽ ግን ከዚህ ብዙም ሳንርቅ መስቀል አደባባይ እንሂድ። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች አይተሻል። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። የመሯቸው ሰዎች ደግሞ አገሪቱ ካፈራቻቸው ሁሉ ብልሆች ነበሩ፤ በየትምህርት ቤታቸው አንደኛ እየወጡ ስድስት ኪሎ የደረሱ፣ ከዚያም ውጭ አገር የተላኩ። ኢሕአፓም መኢሶንም፣ ሁለቱ የግራ ፓርቲዎች፣ ከዚያው ከተማሪው ንቅናቄ ነው የወጡት። «መሬት ለአራሹ» ብለው አብረው ተሰልፈዋል። በኋላ የተለያዩት በምን ነበር? መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እንስጥ አለ፣ ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም አለ። ይህ ሰው የሚያጋድል ልዩነት ነው? ግን አንዳቸውም ሁለተኛ መውጣት አያውቁበትም ነበር። ተጋደሉ፤ ደርግ ሁለቱንም ጨረሳቸው። መኢሶን ራሱ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ኅቡዕ ገባ።

እኔ ያንን ታሪክ ዓመት በዓመት አስተምሬዋለሁ። ያ ትውልድ እውቀትም ድፍረትም ነበረው። የጎደለው የሌላውን ሐሳብ ተሸክሞ አንድ እርምጃ መሄድ ነው። ያንን ደግሞ ማንም ትምህርት ቤት አላስተማረውም፤ ደረጃ ብቻ ነው የሰጠው።

አስተባባሪዋ፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ በጣም እለያለሁ። የዚያ ትውልድ ችግር ፉክክር አልነበረም። ፉክክር ቢኖርማ የድምፅ መስጫ ሳጥን፣ ዳኛና ቀጣይ ዙር ይኖር ነበር። የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። እነሱ የነበሩበት መድረክ ላይ ሁለተኛ የሚባል ቦታ አልነበረም፣ ወይ ሥልጣን ወይ መቃብር። ይህንን ፉክክር ብለን ከጠራነው የትምህርት ቤት ምርጫን ያለ በደሉ መክሰስ ነው።

የሕግ ፉክክር ለእኛ ባዳ አይደለም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ሰው እኮ ሎሌው ጌታውን የሚረታበት ሜዳ ሠርቷል! በክበባችን ደግሞ አንድ ሕግ አለን። የቱን ወገን ይዘህ እንደምትከራከር ዕጣ ነው የሚወስነው። ተራውን የሚደግፍ ልጅ ምርጫውን ደግፎ ሊሟገት ይችላል። በሚቀጥለው ሳምንት ይገለበጣል። ያሉት «የሌላውን ሐሳብ መሸከም» በዚህ መንገድ ይመጣል፤ ልጁ ማሸነፍ ስለሚፈልግ የተቃራኒውን ሐሳብ ከባለቤቱ በላይ ያጠናዋል። ተዋደዱ ብዬ ብለምነው ያንን አያደርግም።

አቴንስንም አስታውሱ፣ እ.ኤ.አ. 2004፣ 10 ሺህ ሜትር። ኃይሌ ተጎድቶ ነበር፤ ቀነኒሳና ስለሺ ዞር ዞር እያሉ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ሲጠብቁት አገር ሁሉ አይቷል፣ አልቅሷልም። ግን ኃይሌ አልደረሰም፣ 5ኛ ወጣ። ነሐሱን የኤርትራው ዘርሰናይ ታደሰ ወሰደው። ቀነኒሳስ? የመጨረሻው ዙር ላይ ተፈተለከ። እስከ መጨረሻው ቢጠብቅ ኖሮ ወርቁም ይቀር ነበር። መጠበቅ ጥሩ ነው፣ ግን መጨረሻ ላይ መሮጥ አለ።

መምህሩ፦ አቴንስን አንቺ በማንሳትሽ ደስ ብሎኛል፤ ጨርሺው እንጂ። ብሩን ማን ወሰደ? ስለሺ። በ2017 ዓ.ም. የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠውስ? ስለሺ። ከሁሉም የበለጠ የሮጠው ኃይሌ ያንኑ ወንበር ሁለት ዓመት ያህል ይዞ በራሱ ፈቃድ ለቀቀ። አንደኛ መውጣትና መምራት አንድ እንዳይደሉ ከዚህ የበለጠ ምን ላምጣ?

አስተባባሪዋ፦ ስለሺም *ተመርጦ* ነው ጋሼ። በተራ አልደረሰውም። :)

መምህሩ፦ ይሁን፣ ተረትቻለሁ እንዳልል ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከዚህ በፊት የተነሳው ሁሉ ለእኔ የዳር ወሬ ነው፤ ዋናው ይሄ ነው።

በኖርኩባቸው ትምህርት ቤቶች የተማሪ ምርጫ ብዙ ጊዜ አስፈጽሜያለሁ። ሰብሳቢው ወንድ ነው። ሴቷ ጸሐፊ ትሆናለች፣ ቢበዛ ምክትል። ለምን ብለሽ ስትጠይቂ «ጽሕፈቷ ያምራል» ይሉሻል። ማንም አልከለከላትም፣ ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው፣ ሳጥኑም ንጹሕ ነው፤ ውጤቱ ግን ዓመት በዓመት ያው። በተራ ሲሆን ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ ሴት ከሆነ ከወራቱ ግማሹን የምትመራው ሴት ናት። ክርክር የለውም፣ ልመና የለውም። አንቺ ፉክክርሽን ይዘሽ ለዚህ ምን ትያለሽ?

አስተባባሪዋ፦ ይህን እንደሚያነሱ አውቄ ነበር፣ ሳላዝን አልቀረሁም።

እውነት ነው። እኔም ምክትል ነበርኩ። የረታኝ ልጅ ጎበዝ ነበር፣ አልዋሽም፤ ሰልፍ ፊት ያነበበውን የምስጋና ንግግር ግን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ግን ያኔ በተራ ሰብሳቢ ብሆን ኖሮ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። «ተራዋ ነው፣ ተዋት፣ ወሩ ያልቃል።» ከተሸነፈች ሴት ይልቅ ተራዋ ስለሆነ የታገሷት ሴት ትናቃለች። እኔ የምፈልገው ወንበሩን አልነበረም፣ ማሸነፉን ነበር። ዛሬ ክበባችን ውስጥ ሴቶቹን ስናሠለጥን ትልቁ ሥራ ማይክ ይዘው ሲስቁባቸው አለመመለስን ማስለመድ ነው። ተራ ይህንን አያስተምርም፤ ማንም በተራ ላይ አይስቅም።

መምህሩ፦ ንግግሩን አንቺ ጻፍሽ፣ እሱ አነበበ። ምርጫሽ የመረጠው እሱን ነው። ሌላ ምን ልጨምር?

ማይክ መልመድ ካልሽም አንዴ ሳትይዘው ከማን ጋር ልትፎካከር ነው? መጀመሪያ ሁሉም በተራ ይያዘው። ከዚያ በሁለተኛው መንፈቅ ይመረጥ ካልሽ እስማማለሁ። ማን እንደሚችል ያኔ ሁሉም አይቷል፤ በአፉ ብቻ የሚመረጥ አይኖርም።

አስተባባሪዋ፦ መንፈቁ ተራ፣ መንፈቁ ምርጫ የሚለው ጥሩ ይመስላል፤ ግን ትምህርት ቤት አውቃለሁ፣ ሁለተኛው መንፈቅ ላይ «ፈተና ደርሷል» ተብሎ ምርጫው ይቀራል። ስለዚህ እንዲህ ይሁን። በመስከረም 9ኛ ሀ በተራ ይመራ፣ 9ኛ ለ በምርጫ። ዳይሬክተሩ እንዳይገባበት። ዓመቱ ሲያልቅ ማይኩ የተሠራው በየትኛው ክፍል ጊዜ እንደሆነ እንይ።

መምህሩ፦ እሺ። ሀ የእኔ፣ ለ የአንቺ። አንቺ ማይኩን ቁጠሪ፤ እኔ በሁለቱም ክፍል ስንት ሴት እንደመራች እቆጥራለሁ። ምክትልና ጸሐፊ አይቆጠርም።