እርማት፦ ራጁ ንጹህ ነው ማለት ልቡ ደህና ነው ማለት አይደለም

"ከመኪና አደጋ በኋላ ራጁ ስብራት ካላሳየ ልብ ምንም አልሆነም" የሚል ሐሳብ በአስተያየቶቹ ላይ ደጋግሜ አየሁ። በቅንነት እንደተጻፈ ይገባኛል፤ ግን ልክ አይደለም።

ራጅ አጥንትንና ሳንባን እንጂ የልብ ቫልቭን (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋውን በር) ስስ ክዳን አያሳይም። ደረት ከመሪ ጋር በኃይል ሲጋጭ ልብ ውስጥ ያለው ግፊት በቅጽበት ይንራል። ያኔ የተዘጋ ቫልቭ ሊቀደድ፣ ወይም ክዳኑን የያዙት ቀጫጭን ጅማቶች ሊበጠሱ ይችላሉ። የወጣት ደረት ደግሞ ይለመጣል፤ አጥንቱ ሳይሰበር ጉዳቱ ወደ ውስጥ ያልፋል።

እርግጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ክፋቱ መደበቁ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ትራይከስፒድ ቫልቭ ከተጎዳ ሰውየው ለዓመታት ደህና መስሎ ሊኖር ይችላል። ቆይቶ እግሩ ሲያብጥ፣ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው የድሮውን ግጭት ማን ያስታውሳል? የግራዎቹ ከሆኑ ግን ትንፋሽ ማጠሩ ቶሎ ሊመጣ ይችላል፤ ያ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው።

ማረጋገጫው ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ ነው። ወደ ኋላ የሚፈሰው ደም ስክሪኑ ላይ በቀለም ይታያል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሐኪሙ በማዳመጫው አዲስ የልብ ድምፅ ከሰማ ይታዘዛል። ዓመታት ቢያልፉም ደረትዎ ተመትቶ እንደነበር ለሐኪሙ ይንገሩት።