ለባለ ሊሾዎቻችን የቀረበ ምስጋና

ያለፈው እሑድ ለሊሾ ምረቃ ቡና ተጠርቼ ነበር። ጎረቤቴ ጋሼ ግቢያቸውን ከአጥር እስከ አጥር ለስነውታል፤ ትል የለ፣ ጉንዳን የለ፣ ሣር የለ። በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰው ስለማይጠፋ ዝርዝሩን ታውቁታላችሁ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ግድም ዝናብ ታገኛለች፤ ይህ ግቢ ግን ጠብታዋን እንኳ ለራሱ አያስቀርም። ሁሉንም በለጋስነት ወደ እኔ ደጅ ይልካል፣ እኔ ደግሞ ወደ አዌቱ ወንዝ።

ዋንዛውም ተቆርጧል። ጥፋቱ ከባድ ነበር፤ ቅጠሉን ያራግፋል። ዛፍ ሆኖ ቅጠል ማራገፍ!

ጋሼን ግን ተፈጥሮ ጠል ናቸው እንዳትሉብኝ። የበራቸው ደወል እኮ ወፍ ነው! ሲጫኑት ይንጫጫል። ይህች ወፍ ጥሬ አትለቅም፣ ኩስ አትጥልም፣ ጎጆ ልሥራ ብላ ገለባ አታዝረከርክም፤ ቀለቧ ሁለት ባትሪ ነው። አንድ ቀን የእውነት ወፍ ሰምቶ መጣና አጥሩ ላይ ሆኖ መለሰላት፤ እሷ ያንኑ ደገመችለት፣ እሱም መለሰ፣ እሷም ደገመች፤ በመጨረሻ የሚያርፍበት ቅርንጫፍ ሲያጣ ሄደ። ባትሪዋ ሲደክም ድምፅዋ እንደ ታመመ ጥጃ ይጎተታል። ያኔ እትዬ "ወፏ ራባት!" ይላሉ፣ ልጁ ወደ ሱቅ ይሮጣል። ለአንዲት ወፍ እንዲህ የሚጨነቅ ቤት የት አለ? ከረከቦቱ ሥር የተነጠፈውም የፕላስቲክ ሣር ነው። የቦዬ ረግረግ እየጠበበ ስለሆነ ለቄጤማ ከወዲሁ መዘጋጀታቸው ነው።

ዋንዛው ግን አብቦ ነበር። የሞተር መጋዙ ሲጥለው አጥር ላይ ቆሜ አይቻለሁ፤ ንቦቹ ከነጩ አበባ ጋር ወድቀው ሰጋቱራ ውስጥ ይርመሰመሱ ነበር። አንድ ጎጆም ነበር፣ ላባ ያላበቀሉ ሁለት ጫጩቶች ይዞ። ሠራተኛው ከሰጋቱራው ጋር በአካፋ አፈሳቸው። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? መጥረጊያ ጠፍቶ ነው? ፍሬው ሲበስል የሰፈሩ ልጆችና ወፎች እኩል የሚለቅሙት ዛፍ ለአንድ እፍኝ ቅጠል ይጣላል?

ይቅርታ፣ ምረቃ ላይ ነበርን። ዳቦ በማር ቀረበ። ጋሼ አንዴ ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

"የዛሬ ማር እኮ ስኳር ነው" አሉኝ። "ንቦቹ ምን ነክቷቸው ነው?"

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ወፏ በር ላይ ተንጫጫች።