መረቡ ያንተ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ?

መረቡ የተሰረቀበት አሳ አጥማጅ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ ወሬው አጭር ነው። "ምን ጠፋብህ?" "መረብ።" "ምን ዓይነት?" "ነጭ፣ የናይለን።" "ደረሰኝ አለህ?" የለውም። "ምልክትስ?" እሱም የለውም። መርማሪው ከዚህ በኋላ ምን ያድርግ? ነገ ከውሃው ማዶ አንድ ነጭ የናይለን መረብ ቢያገኝ እንኳ የማን እንደሆነ የሚናገርለት ነገር የለም። አጥማጁም ይህን ያውቃል። ስለዚህ አይሄድም። ሌባውን ይራገምና ተበድሮ ሌላ መረብ ይገዛል።

እዚህ ጅማ የአሳ ነገር ሲነሳ አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሳል። ለከብት ኢንሹራንስ አለ፣ ለሰብል አለ፤ ለመረብና ለጀልባ ለምን አይኖርም? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የምከራከረው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የመረቡና የጀልባው መዝገብ ይቅደም፣ ኢንሹራንሱ ይከተል። መዝገብ በሌለበት የሚመጣ ኢንሹራንስ ቢመጣም ብዙ አይሰነብትም።

አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል የጊልጌል ግቤ አንድ ግድብ አለ። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው። የተሠራው ለመብራት ነው፤ አቅሙ 184 ሜጋ ዋት። ውሃው ሲተኛ ግን አሳውም አጥማጁም መጣ። ከተማ ውስጥ ጉላሽም ጥብስም ስንበላ ብዙዎቻችን ቆሮሶው፣ ቲላፒያ የሚባለው አሳ፣ ከየት እንደመጣ አንጠይቅም። ከጀርባው ግን ማታ መረቡን ውሃ ውስጥ ዘርግቶ ሲነጋ የሚያነሳ ሰው አለ።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የአጥማጁ ዋና ንብረት ሌሊቱን ሙሉ ጠባቂ በሌለበት ውሃ ውስጥ ያድራል። ሌባ ቢመጣ የሚሰብረው በር የለም፣ የሚዘለው አጥር የለም። በዚያ ላይ ስርቆት ብቻ አይደለም። ነፋስ ይገፋዋል። ውሃው የዋጠው የዛፍ ጉቶ ይይዘዋል። ጉማሬ ባለበት ውሃ ደግሞ ጉማሬ ይበጥሰዋል። ጠዋት መረቡ ከቦታው ሲጠፋ ሌባ ይውሰደው ጉቶ፣ ባለቤቱ ራሱ ላያውቅ ይችላል።

እንግዲህ ይህን ይዘን ወደ ኢንሹራንስ ቢሮ እንሂድ። በተለመደው የስርቆት ዋስትና ካሳ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ቤት ወይም መጋዘን ተሰብሮ ለመገባቱ ምልክት መኖር አለበት። ውሃ ውስጥ ያደረ መረብ ከመጀመሪያውም በዚህ ውል አይታቀፍም። ኩባንያዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ውሉ የተጻፈው ለሱቅና ለመጋዘን ስለሆነ ነው።

"ለከብት እንዴት ሆነ ታዲያ?" የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ትግራይ ውስጥ አዲ ሃ ላይ የዝናብ እጥረትን መሠረት ያደረገ የሰብል ዋስትና ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ቦረና ላይ ለአርብቶ አደሩ የከብት ዋስትና ተጀመረ። የቦረናው ዋስትና ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ከላይ አይቶ፣ ልኬቱ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ካሳ የሚከፍል ነው። ማንም ሰው ቤት ለቤት እየዞረ የሞተ ላም አይቆጥርም። አርብቶ አደሩም ማስረጃ አይጠየቅም። ይሄ ትልቅ ብልሃት ነው። ለመረብ ግን አይሠራም። ሳተላይት ድርቅ ያያል፣ ሌባ አያይም። ጉቶ የያዘውን መረብም አይቶ አይናገርም። ስለዚህ የአሳ አጥማጁ ኢንሹራንስ ከአርብቶ አደሩ የሚለየው በዚህ ነው፤ ያለ ማስረጃ መንቀሳቀስ አይችልም።

ማስረጃ ሲባል ሰው ፋይልና ማህተም ይታየዋል። እኔ የማወራው ከዚያ ስለሚቀል ነገር ነው። መረቡ ውሃ ከመንካቱ በፊት ሣር ላይ ይዘርጋና በስልክ ፎቶ ይነሳ። አንዱ ፎቶ ሙሉውን ያሳይ። ሌላው የመረቡን ዓይን፣ ማለትም በክሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት፣ ከማስመሪያ ጋር ያሳይ። ሦስተኛው የተጠገነበትን ቦታ ያሳይ። ይህ ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚንቀው ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። አዲስ መረብ ሁሉ አንድ ነው። የተጠገነ መረብ ግን የጠጋኙን እጅ ይዞ ይቀራል። የቋጠሮው አጣጣል፣ የክሩ ቀለም፣ የቀዳዳው ቦታ በሌላ መረብ ላይ አይደገምም። አጥማጆች በጥገናው ብቻ "ይሄ የእገሌ ነው" ሲሉ የሚሰሙት ለዚህ ነው። ያንን እውቀት ከአፍ ወደ ፎቶ ማምጣት ነው የሚቀረው።

ከፎቶው ጋር ጥቂት መስመር ይጻፍ። ርዝመቱ፣ የዓይኑ ስፋት፣ የተንሳፋፊው ብዛት፣ የተገዛበት ቀንና ዋጋ፣ ከማን እንደተገዛ። ደረሰኝ ከሌለ፣ መቼም አይኖርም፣ ሁለት የአጥማጆች ማህበር አባላት አይተው ይፈርሙ። ፎቶው በዚያው ቀን በቴሌግራም ወደ ማህበሩ ስልክ ይላክ። ቀኑ ራሱ ይመዘገባል። አጥማጁ ስልክ ላይ ብቻ መተው ግን ሞኝነት ነው፤ ጀልባ ላይ የሚሠራ ሰው ስልክ የት እንደሚገባ ይታወቃል።

ምልክቱስ? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። ምልክት የሌለው መረብ እንደዚያው ነው። ተንሳፋፊው ላይ ከብት እንደሚተኮሰው በጋለ ብረት ቁጥር መተኮስ ይቻላል። ግን ሌባ መጀመሪያ ቆርጦ የሚጥለው ተንሳፋፊውን ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ብቻ መመካት አያዋጣም። የላይኛው ገመድ ውስጥ ባለ ቀለም ክር አብሮ መጎንጎን ይሻላል። ያንን ለማውጣት ሌባው መረቡን ከገመዱ ፈትቶ እንደገና መስፋት አለበት። ለዚያ የሚሆን ትዕግስት ቢኖረው ኖሮ ሌባ አይሆንም ነበር። እያንዳንዱ ማህበር የራሱን ቀለም ቢይዝ ደግሞ ገበያ ላይ የወጣ መረብ ከየት እንደመጣ በዓይን ይለያል።

አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። መረቡ ያንተ መሆኑን ማሳየት ግማሹ ነው። ያን ዕለት ሌሊት ውሃ ውስጥ እንደነበርም ማሳየት ያስፈልጋል። አለበለዚያ ማንም ያረጀ መረቡን እቤቱ ደብቆ "ተሰረቅሁ" ሊል ይችላል። መድኃኒቱ ማታ ማታ የሚጻፍ ደብተር ነው። ማን፣ ስንት መረብ፣ በየትኛው በኩል ዘረጋ። ጠዋት ስንቱ ተነሳ። በቃ። የካሳ ጥያቄ ሲመጣ ኩባንያው የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ደብተሩ ለውሃውም ይጠቅማል። የጠፋ መረብ ሥራውን አያቆምም፤ ጭቃ ውስጥ ሆኖ አሳ እየያዘ ይገድላል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2018 የማጥመጃ መሣሪያ ባለቤቱን የሚያሳውቅ ምልክት እንዲኖረው የሚመክር መመሪያ ያጸደቁት አንዱም ለዚህ ነው። የት እንደተዘረጋ የተጻፈ መረብ ተፈልጎ ይወጣል። ያልተጻፈው እዚያው ይቀራል።

ይህ ሁሉ ቀላል ከሆነ ለምን አይደረግም? እዚህ ጋ እውነቱን እንነጋገር። አጥማጁ መዝገብ ይፈራል። አንደኛ፣ የተጻፈ ንብረት ግብር ይከተለዋል ብሎ ያስባል። ሁለተኛ፣ መረቡ ሕጋዊ ላይሆን ይችላል። ዓይኑ የጠበበ፣ ጫጩቱን ሳይቀር የሚያፍስ መረብ ያለው ሰው ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ሊያነሳው አይፈልግም። የፌዴራሉ የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲይዝ ይጠይቃል። ፈቃድ የሌለውም ከደብተሩ ይሸሻል።

ለመጀመሪያው ፍርሃት መልሱ መዝገቡ በማህበሩ እጅ እንዲቆይ ማድረግ ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ቅጂ ልያዝ ካለ ነገሩ አለቀ፤ ማንም አይመዘገብም። ለሁለተኛው ግን አላዝንም። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ኢንሹራንስ ሊኖረው አይገባም። እንዲያውም ኢንሹራንሱ ትክክለኛውን መረብ ለያዘ ብቻ መሆኑ ከማንኛውም ስብሰባና ስልጠና የተሻለ ያስተምራል።

አሁን ደግሞ ወደ ኩባንያዎቹ ልምጣ። እነሱም ነፃ አይወጡም። አብዛኛው የመድን ውል በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የግቤ ዳር አጥማጅ አፋን ኦሮሞ ወይም አማርኛ ነው የሚያነበው። ባላነበበው ወረቀት ላይ ፈርሞ ካሳ ሲከለከል "ድሮም ሌቦች ናቸው" ቢል አይፈረድበትም። በተለይ ሁለት ነገር አስቀድሞ በቋንቋው ሊነገረው ይገባል።

አንዱ እርጅና ነው። ንብረትን የሚመለከት ኢንሹራንስ የሚክሰው ንብረቱ በጠፋበት ቀን የነበረውን ዋጋ ነው። መረብ ደግሞ ቶሎ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ዓመት የሠራ መረብ ጠፍቶብህ የአዲስ ዋጋ አትጠብቅ። ሁለተኛው ከዋጋ በታች ማስገባት ነው። ዓረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፍለውን ገንዘብ፣ ለመቀነስ ብሎ የመረቡን ዋጋ በግማሽ ያስመዘገበ ሰው፣ ግማሹ ቢጠፋበት የጠፋውን ሙሉ ዋጋ አያገኝም፤ የሚደርሰው የዚያው ግማሽ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ መተመን ከጀመረ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሽቅብ ሄዷል። ከዚያ በፊት የተጻፈ ዋጋ ዛሬ ምንም አይገዛም። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ያለው ዋጋ በየዓመቱ ይታደስ።

ጅማ ላይ ሆኖ ስለ ኢንሹራንስ የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር መዝለል አይችልም። ብዙ ሙስሊም አጥማጅ መደበኛውን ኢንሹራንስ በሃይማኖቱ ምክንያት አይገባበትም። ለዚህ ተካፉል የሚባል በእስልምና ሕግ የሚመራ ዋስትና አለ። ብሔራዊ ባንክ መመሪያ አውጥቶለታል። አባላት መዋጮውን እርስ በርስ ለመረዳዳት ብለው ያዋጣሉ፤ ኩባንያው ያስተዳድራል። የመረብ ዋስትና ለዚህ አካባቢ ሲታሰብ ከመጀመሪያው በዚህ መንገድ ቢታሰብ ደስ ይለኛል። ክርስቲያኑም የሚጎዳበት ነገር የለም። እድር የለመደ ሕዝብ ነው።

የእኔ ሐሳብ ኩባንያው ከግለሰብ ጋር ሳይሆን ከማህበሩ ጋር እንዲዋዋል ነው። ለአንድ መረብ ሠራተኛ ከከተማ መላክ ለኩባንያው ኪሳራ ነው። የትንሹን ጉዳት ማህበሩ ከራሱ ሳጥን ይሸፍን። ጀልባ ሲሰምጥ ወይም በአንድ ሌሊት የብዙ ሰው መረብ ሲጠፋ ኩባንያው ይግባ። የውሸት የካሳ ጥያቄም በዚህ ይቀንሳል፤ ከጎረቤቱ ሳጥን የሚሰርቅ ሰው ጎረቤቱ ያውቀዋል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የመረብና የሞተር ስርቆት ትልቅ ራስ ምታት ነው። እዚያም በየወደቡ የተደራጁ የአጥማጅ ማህበራት ጀልባን መዝግቦ በመያዝ ሥራ ውስጥ ገብተዋል።

የመጀመሪያውን ዓመት ዓረቦን ማን ይክፈል? "ፕሮጀክት ይክፈልልን" የሚሉ አሉ። አልስማማም። ፕሮጀክቱ ሲሄድ ኢንሹራንሱም ይሄዳል። አሳው ሲመዘን ከየኪሎው ጥቂት ሳንቲም ይቀነስ። ብዙ የያዘ ብዙ ይከፍላል፣ ባዶ እጁን የተመለሰ ምንም አይከፍልም። ሚዛኑ ላይ የሚቆመው ሰው ግን በየጊዜው ይቀያየር።