ጉድጓዱ የእነሱ ግቢ፣ ስንጥቁ የእኛ ቤት

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ከእናቴ ቤት አጥር ቀጥሎ ባለው ቦታ ላይ ቤዝመንት ያለው ሕንፃ ሊሠራ ተብሎ ጉድጓድ ተቆፈረ። ስካቫተሩ ከአጥራችን ሥር ጀምሮ መሬቱን እንደ ዳቦ ቀጥ አድርጎ ቆርጦት ወረደ። ጠርዙ ተዳፋት አልተደረገለትም። ሾሪንግ፣ ማለትም ጎኑ እንዳይናድ የሚይዝ ድጋፍ የለው፣ አጣና እንኳን አልተደገፈበትም። ከዚያ ሥራው ቆመ። ገንዘብ አልቆባቸው ነው ያለም አለ፣ ከኮንትራክተሩ ጋር ተጣልተው ነው ያለም አለ፤ ብቻ ቆመ። ክረምቱ ገባ። አሁን የሰርቪስ ቤቱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፣ አጥሩ ወደ ጉድጓዱ አዘንብሏል፣ የማድ ቤቱ በር ከጉበኑ ጋር አልገጥም ብሎ አይዘጋም። እናቴ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከእንቅልፏ ትነሳለች። የሚመለከተው ቢሮ ሄደን ስንጠይቅ ደግሞ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ፈቃድ አላቸው እኮ»።

ፈቃድ እንዳላቸው እናውቃለን። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ፈቃዱ ምኑን ነው የፈቀደው? ፎቁን፣ ደረጃውን፣ የመኪና ማቆሚያውን የሚያሳይ ፕላን አለ። ቤዝመንቱ ምን ያህል እንደሚወርድም ይታያል። ግን እዚያ ጥልቀት እስኪደረስ፣ ግድግዳው እስኪሞላ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የጎረቤት መሬት በምን ተይዞ እንደሚቆይ የሚያሳይ አንድ ወረቀት ያሳየን ሰው የለም። ማን እንደሚጠየቅበት የነገረንም የለም። ሥራው መሃል ላይ ቢቋረጥ ጉድጓዱ ምን ይሁን የሚለውን ደግሞ ስንጠይቅ ሰው ሁሉ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ይመስል ዝም ብሎ ያየናል።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ፣ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለቤት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዝዛል፤ ጭስና ድምፅ፣ መንቀጥቀጥ እንኳን ሳይቀር ከጉርብትና ልማድ ማለፍ የለበትም ይላል። ያ ሕግ ሲወጣ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ብዙ ቤዝመንት ሕንፃ ስንት እንደነበረ አስቡት። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ወጣ። ፕላን ይቅረብ፣ ፈቃድ ይውጣ፣ የሕንፃ ሹም ይቆጣጠር፣ ግንባታው የሰው ሕይወትና ንብረት ላይ አደጋ እንዳያመጣ ጥንቃቄ ይደረግ አለ። ሕንፃዎችንም ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ መደበ። ከመሬት ወለል በላይ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሕንፃ ጥብቁ ምድብ፣ ማለትም ሐ ውስጥ እንዲገባ አደረገ። ልብ በሉልኝ፣ 12 ሜትሩ የተለካው ወደ ላይ ነው። ለእኔ ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ወደ ላይ የሚወጣውን ሁሉም ያየዋል። ወደ ታች የሚወርደው ላይ ግን ዓይኑን የሚጥል ሰው የለም፤ ጎረቤትን የሚጥለው ደግሞ እሱ ነው።

አፈሩን የማያውቅ ሰው እንዴት ቁፋሮ ላይ ይፈቅዳል? ቦሌ አካባቢ ቤት የሠራ ሰው ጥቁር አፈርን ያውቀዋል። በበጋ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታል። ለዚህ ነው በመጋቢት ቀጥ ብሎ የተቆረጠ የጉድጓድ ጎን «እዩት፣ ምንም አልሆነም» የሚያሰኘው። በሐምሌ ያው ጎን ሌላ ነገር ነው። ከላይ በከፈተው ስንጥቅ ውሃው ይገባና ከኋላ ይገፋዋል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር አንድ ቶን ተኩል አካባቢ ይመዝናል፣ ሲረጥብ ወደ ሁለት ቶን ይጠጋል። ቤታችን የቆመው በዚያ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ መሐንዲስ የሆኑት ግን ከእኔ በላይ ያውቁታልና እነሱ ናቸው ፊርማቸው ያለበት።

የእኛ ቤት ብቻ አይደለም የሚያሳስበኝ። ያንን ጉድጓድ ሲያስተካክሉ የነበሩት የቀን ሠራተኞች ገና ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ፣ የራስ ቆብ እንኳን ያልተሰጣቸው፣ አካፋ ይዘው በዚያ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሥር የሚውሉ። አፈር ሲናድ ጩኸት የለውም፣ ማምለጫ ጊዜም አይሰጥም። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ሆኖ እንኳን መተንፈስ ያቅተዋል፤ አፈሩ ደረቱን ይይዘዋል። ሊያወጡት የሚገቡትም ያው አፈር ሥር ነው የሚገቡት። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ላይ የሆነውን ሁላችንም አልቅሰንበታል። መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች በሁለተኛው ናዳ አለቁ። ያ በዝናብ የመጣ የተራራ ናዳ ነው፣ ከግንባታ ቁፋሮ ጋር አላመሳስለውም። ነገር ግን የረጠበ አፈር ምን እንደሚያደርግ ከዚያ በኋላ አላወቅንም ማለት ለማን ይመቻል?

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ነገር ልምጣ።

አጥሩ ማዘንበል ሲጀምር ዝም ብለን አልተቀመጥንም። በእኛ በኩል የድጋፍ ግንብ እንሥራ፣ ቢያንስ ሰርቪሱን እናድን ተባባልን። ድንጋይና አሸዋ አስመጣን። ገና ከመኪና ወርዶ ሳያልቅ ደንብ አስከባሪዎች በር ላይ ቆሙ። ፈቃድ አላችሁ? ካርታ አምጡ። ፕላን አሠሩ። የባለሙያ ፊርማ ይኑረው። አጥር ለመደገፍ ነው ብንል፣ «እሱማ ግንባታ ነው» አሉን። እሺ፣ ሕግ ነው፣ እንቀበል። ግን እኮ ከአጥሩ ማዶ፣ እነሱ ከቆሙበት ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ያ ሁሉ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ይታያቸዋል። ጠቆምናቸው። አዩት። «እሱ እኛን አይመለከትም፣ ፈቃድ አለው» ብለው ሄዱ። የእናቴን ድንጋይ ለማስቆም አንድ ሰዓት አልፈጀም። ጉድጓዱን ለማስደገፍ ግን ይኸው ወራት አለፉ።

ቢሮው ያለው ምልልስማ የሁላችሁም ታሪክ ስለሆነ አላሰለቻችሁም። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ፋይሉ ሌላ ክፍል ነው። ባለሙያ እንልካለን። ባለሙያው አንድ ቀን እውነትም መጣ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ጉድጓዱን አየ፣ ስንጥቁን አየ፣ «ይሄ አደገኛ ነው፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ባይተኛ ጥሩ ነው» አለ። እስቲ ጻፍልን አልነው። «መጻፍ ከላይ ትእዛዝ ይፈልጋል» አለን። እና ምን ይዘን እንሂድ? በቃል የተባለ ነገር ይዤ የት ልከስ? ባለቤቶቹ ጋ ስንሄድ ደግሞ «ስንጥቁ ከቁፋሮው በፊት እንዳልነበረ በምን ታረጋግጣላችሁ?» ይሉናል። የቆፈረው ሰው አልጎዳሁም ብሎ እንዲያስረዳ ማንም አልጠየቀውም። አረጋዊት እናቴ ግን የቤቷ ግድግዳ ድሮ ደህና እንደነበረ ማስረጃ አምጪ ትባላለች። ፎርማኑ ሲያገኛት «እማማ፣ አይዞዎት፣ ምንም አይሆንም» ይላታል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። ግን አይዞዎት ግድግዳ አይደግፍም።

ስለ ሌሊቱም ትንሽ ልበል። ከባድ መኪና በቀን ከተማ ውስጥ እንደልቡ እንዳይሄድ ስለተገደበ፣ አፈሩ የሚጫነው ሌሊት ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ሲኖትራክ ሲያገሳ ያድራል፣ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጠዋት አስፋልቱ ጭቃ ነው። አፈሩ የት እንደሚደፋ ደግሞ የወንዝ ዳሮቻችንን ሄዳችሁ እዩ።

እኔ ሰው አይሥራ አላልኩም። ከተማ ነው፣ ይሠራል። ባለቤቶቹም ቢሆኑ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ካሰቡት በላይ ሆኖባቸው ይሆናል፤ ያጋጥማል። ታዲያ ያ ማጋጠሙ የታወቀ ነገር ከሆነ፣ ስንቱ ሕንፃ በየሰፈሩ ተጀምሮ እንደቆመ እያየን፣ ለምንድነው ፈቃድ ሲሰጥ ሥራው እንደሚያልቅ ተቆጥሮ የሚሰጠው? ቁፋሮ ራሱን የቻለ ፈቃድ ይኑረው። ስካቫተር ከመግባቱ በፊት የሾሪንግ ሥራው በባለሙያ ተሠልቶ ይቅረብ፣ ባለሙያው ስሙንና ስልኩን በር ላይ ይለጥፍ። የአዋሳኝ ቤቶች ሁኔታ በፎቶ ተይዞ ሁለቱም ወገን ይፈርምበት፤ ይሄ ለቆፋሪውም ይጠቅመዋል፣ ድሮ የነበረ ስንጥቅ አይጫንበትም። በሰኔ አዲስ ጉድጓድ መክፈት ያለ ድጋፍ በፍጹም አይፈቀድ። ሥራው ቢቆም ጉድጓዱን መልሶ መሙያ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ በባንክ ይያዝ። ሾሪንግ ውድ ነው ይሉኛል። አዎ ውድ ነው። ሕንፃውን የሚሠራው ሰው አልከፍልም ሲል ግን ወጪው አልጠፋም፤ በጡረታ የምትኖር እናቴ ላይ ነው የዞረው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ አደጋ አይቶ በዚያው ቀን ጽፎ ማስቆም የሚችል ሰው በየወረዳው ይኑር። ድንጋይ ለማስቆም ያለው ሥልጣን ለጉድጓድ ለምን ይጠፋል?

አጠገባችሁ ቦታ በቆርቆሮ ታጥሮ ካያችሁ፣ ስካቫተሩ ሳይመጣ ቤታችሁን ከውስጥም ከውጭም ቪዲዮ አንሱት፣ እያንዳንዱን ግድግዳ፣ አጥሩን፣ ወለሉን፣ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ። ጎረቤት ጠርታችሁ አሳዩ። ስንጥቅ ካለ ሁለቱን ጠርዝ የሚያገናኝ የጀሶ ልጥፍ አድርጉበትና ቀን ጻፉበት፤ ከተሰበረ ስንጥቁ እየሰፋ ነው ማለት ነው። አቤቱታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጋችሁ ቁጥርና ማህተም ያለበትን ኮፒ ያዙ። «በቃል ነግረናቸዋል» የሚለው አያዋጣም። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ውሃ እንዳይጠራቀም የጣሪያችሁን አሸንዳ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሩት። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት በፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ያወጣ ሰው ካለ ደግሞ፣ እባካችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ነሐሴ ሳያልቅ ነው የምንፈልገው።